የአርባ ቀን ጥማት

ሰማው ከቢቸና በታች፣ ቆላው በሚጀምርበት ሸለቆ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ብርቱካን ሲያጠጣ ኖሯል። የአትክልቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ከእሱም የቆየ ነው፤ ቦዩን የቆፈሩት አባቱ ነበሩ። ዛፎቹን በጠባያቸው ያውቃቸዋል፤ ይቺ ሰነፍ ናት፣ ያቺ ቀናተኛ፣ ያ ደግሞ ካልለመኑት አያፈራም። ከሚስቱ ከካሰች ጋር የሚኖረውም እዚያው ዛፎቹ መሐል፣ ኩባንያው በሰጠው አንድ ክፍል ቤት ነው። ሌላ ቤት የላቸውም።

የሙያው ትልቁ ምስጢር ማስጠማት ነው። በበጋ ቦዩ ይዘጋል፤ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ዛፉ ሞት ሞት እስኪሸተው ይጠበቃል። ከዚያ ውኃው ሲለቀቅ ደንግጦ ያብባል። ለዚህ ሃያ አምስት ቀን ይበቃል።

ባለፈው ጥር ሥራ አስኪያጁ ዘመነ መጣና "ጋሼ ሰማው፣ ዘንድሮ አርባ ቀን ያስጠሟቸው" አለ።

"አርባ! ልናመነኩሳቸው ነው እንዴ?"

"ገበያው ጥሩ ነው፤ አበባው ይብዛ።"

ኩባንያው ሞጣ ላይ ቤት እየሠራ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ዘመነ ብርቱካን የሚባል ነገር አንስቶ አያውቅም። ሰማው ቀኑ ቢበዛበትም ደስ አለው። ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፈነ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ዘመነ የመሬት ኮሚቴ ይዞ መጣ። ከኮሚቴው አንዷ፣ የግብርና ባለሙያዋ ትርሲት፣ አንድ ቅጠል ቀጥፋ በመዳፏ ፈረፈረችው።

"አባባ፣ ድሮም እንዲህ ናቸው?"

"ኧረ የለም ልጄ! እንደ ዘንድሮ ተጠምተው አያውቁም።"

"ምንጩ ነጥፏል" አለ ዘመነ ፈጠን ብሎ። "አይደለም ጋሼ?"

ሰማው አየው። ሰውየው የማስጠማቱን ምስጢር ከሌሎች አትክልተኞች የሚደብቅ መሰለው። የጌታውን ነገር በእንግዳ ፊት ላለማበላሸት በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ። ትርሲት ጻፈች።

በአርባኛው ቀን ቦዩን ከፈተ። በመጋቢት አጋማሽ ሸለቆው ነጭ በነጭ ሆነ። እንዲህ ያለ አበባ በዕድሜው አላየም። ዘመነ ግን አበባውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ወረቀት ሰጠው፤ አትክልቱ ደርቋልና ቦታው ለቪላ ተፈቅዷል፣ ቤቱም በወር ውስጥ ይለቀቅ ይላል።

ሰማው በማግስቱ አንድ ያበበ ቅርንጫፍ ቆርጦ ቢቸና ግብርና ቢሮ ወጣ፤ ትርሲት ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

"ይህ ከየት መጣ?"

"ደርቋል ካላችሁት።"

ቅርንጫፉን አንስታ አገላበጠችው። "አባባ፣ ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?"

"ለሙያው መስሎኝ።"

"እኔ የጻፍኩት የእርስዎን ምስክርነት ነው። ይግባኙ ውሳኔው በወጣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ነበር፤ አልፏል።" ቅርንጫፉን ቀስ ብላ መለሰችለት። "ይውሰዱት፤ እዚህ ሰው ያየዋል።"

ማታ ሲመለስ ካሰች ዕቃውን ግማሽ አስራ ጠበቀችው።

"ምን አለችህ?"

"ነቀነቅህ አለችኝ።"

"አልነቀነቅሁም አትላትም ነበር?"

"ነቅንቄያለሁ፣ ካሰች።"

ካሰች የፍራሹን አንድ ጫፍ ይዛ ሌላውን ጫፍ እንዲይዝላት በዓይኗ አመለከተችው።