በመንገዱ በር በኩል ያለው ሚህራብ

ልጄ ሐያት የሕንጻ ንድፍ ተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት የመስጊዳችንን ውስጥ ለክታ በወረቀት ነድፋ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

"እማ፣ አንድ ነገር አልገባኝም" አለች። "የመንገዱ በር ኢማሙ ከሚቆምበት ከሚህራቡ አጠገብ ነው። ያረፈደ ሰው ከጀመዓው ጋር ፊት ለፊት ነው የሚጋጨው። ሲሪየስሊ፣ ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"አባትሽ" አልኳትና ሳቅ አመለጠኝ። ኑሩ ከሞተ አምስት ወሩ ነው፤ ዒዳዬን፣ ባል የሞተባት የምትቀመጠውን የሐዘን ጊዜ፣ ከጨረስኩም ገና ጥቂት ሳምንት ነው። ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

መስጊዱ ሲሠራ ሃያ ዓመቴ ነው። ከአገሬ ርቄ፣ በአህጉራችን ደቡብ ጫፍ፣ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር በአክስቴ በዘሀራ ሱቅ እሠራለሁ። የእኛ ሰው ጁምዓ የሚሰግደው መሀል ከተማ በተከራየው ጠባብ ክፍል ነበር፤ ለሴት ቦታ የለውም። አንድ የተዘጋ የፍራሽ ፋብሪካ መስጊድ ሊሆን ነው ሲባል ታዲያ እኛ ሴቶቹ ሠርግ የተጠራን ያህል ሆንን። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፣ ሰማዩ ግን ደመና የሚባል አያውቅም። ጠዋት ከታክሲ ወርደን፣ መንገድ ዳር ከምትጠብሰው ሴትዮ ትኩስ ማጉዊኛ እንገዛለን። ያን ዘይት የጠጣ የሊጥ ጥብስ በወረቀት ጠቅልለን እጃችንን እያሞቅንበት እንገባና ሙጫ ሙጫ የሚሸተውን ወለል ስንፈገፍግ እንውላለን።

ለሴቶች የተመደበልን ከመንገዱ በር አጠገብ ያለው፣ መስኮት የሌለው የስፖንጅ መጋዘን ነበር፤ ከወንዶቹ ኋላ እንድንሆን ነው። በአዳራሹ ሌላኛው ጫፍ ግን፣ ከላይ፣ ድሮ አለቃው ሠራተኞቹን ይቆጣጠርበት የነበረ ሰፊ የእንጨት ሰገነት አለ። በኢማሙ አናት ላይ ስለሚሆን አይታሰብም። እኔ ግን ወለሉን ስጠርግ ዓይኔ እሱ ላይ ነው።

ኑሩ ከወሎ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነበር። አናጢ ነው፤ በአገሩ ከአባቱ ጋር ለመስጊድ ቂብላ፣ ማለትም የመካን አቅጣጫ፣ ያወጣ ስለነበር የኮሚቴው ሰብሳቢ ሸህ ይማም ሥራውን ለእሱ ሰጡት። አባቱ በበጋ እንደሚያደርጉት ቀትር ላይ ግቢው ውስጥ እንጨት ተከለና ጥላው የወደቀበትን አይቶ "ሰሜን ይሄ ነው" አለ፤ መካ ከወሎም ከዚህም በሰሜን ናት። ጥላው የጠቆመው ከበሩ ተቃራኒ ያለውን ግድግዳ ነው። ሰው ሁሉ ሚህራቡን የሚመኘው እዚያው፣ ከበሩ ርቆ፣ ስለነበር ማንም መልሶ አልጠየቀም። ኑሩ ቅስቱን ከሳንቃ ጠርቦ አቆመ፤ እኛም ምንጣፉን በዚያው ልክ ሰፋን።

ለመጀመሪያው ጁምዓ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ መጋዘኑ ደፍ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ ከመንገዱ በር በላይ ባለው መስታወት የገባው ፀሐይ ፊቴን ሞቀኝ። ጎጎ የምንላት አሮጊት አከራያችን ትዝ አለችኝ። ልብስ በጓሮ ሳሰጣ ትቆጣኝ ነበር፤ እዚህ አገር በብርድ ወራት ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትሄደው፣ በዚያ ካላሰጣሽ አይደርቅልሽም ትለኛለች። መርፌው ከእጄ ወደቀ። ፀሐይዋ በሰሜን ከሆነች ጥላው ደቡብ ነው። ነገ ያ ሁሉ ሰው ጀርባውን ለመካ ሰጥቶ ሊሰግድ ነው።

ብናገር ያን ልጅ በሰው ፊት ላዋርደው ነው፤ ሰገነቱን ፈልጋ ነው መባሌም አይቀርም። ዝም ማለትም አልቻልኩም። ለብቻው ጠርቼ ነገርኩት።

"አባቴ ሃያ መስጊድ አቅንቷል" አለኝ።

"አባትህ ወሎ ናቸው። እዚህ ፀሐይዋ በዚያኛው በኩል ናት።"

"ፀሐይዋም እንደኛ መንገድ ስታ ነው የመጣችው በይኛ።"

ቀለደ እንጂ ፊቱ ተለውጦ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግቢው ውስጥ አየሁት፤ ፊቱን ወደ መጥለቂያዋ አዙሮ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ምዕራብን ፊት ለፊት ካደረጉ ሰሜን በቀኝ ነው፤ ይህ የትም አገር አይለወጥም። እጁ የመንገዱን በር ይጠቁማል። ብዙ ቆይቶ ነው ያወረደው።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። እንደገና ስለካው ነው ያወቅሁት ቢል ማንም አይነቃበትም ነበር።

"ተሳስቻለሁ" አለ። "ደቡቡን ነው ሰሜን ያልኳችሁ። ያገኘችው እሷ ናት።"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንዱ፣ እንግዲያው መጋዘኑ ከኢማሙ ፊት ሊሆን ነው፣ ሴቶቹ ነገ ቤታቸው ይስገዱ አለ። አክስቴ ዘሀራ መጥረጊያዋን እንደያዘች ነበረች።

"ሸህ ይማም፣ እስቲ ቀና ብለው ይዩ" አለች። "ሰገነቱ እኮ አሁን ከኋላ ሆነ።"

ሸህ ይማም ቀና ብለው አዩና ሳቅ ቀደማቸው። "ዘሀራ፣ ፀሐይዋን ያዞርሻት አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም" አሉ። በዚያው ምሽት ወንዱም ሴቱም ተረባርቦ ቅስቱን ነቅሎ ወደ በሩ በኩል ተከለው፤ ምንጣፉንም አዞርነው።

በማግስቱ ሰገነቱን ሞላነው። ከላይ ሆኜ ረድፉ ከጥግ እስከ ጥግ ሲገጥም አየሁ፤ የመጀመሪያው አሚን ሲነሳ እንጨቱ ከእግሬ በታች ሲርድ ተሰማኝ። በኋላ ወንዶቹ እየወጡ ሳለ አንድ ዘግይቶ የደረሰ ሰውዬ በሩን ገፋ፤ ያ ሁሉ ፊት ሲገጥመው ሱቅ የተሳሳተ መስሎት ይቅርታ ጠይቆ መልሶ ዘጋው። ነጠላችንን ነክሰን ሳቅን። ኑሩ መጨረሻው ረድፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ ላከ፤ እኔም አላስጠበቅሁትም።

ለቅሶ ሊደርሱኝ የሚመጡ ሰዎች "ስህተት የማያውቅ እጅ ነበረው" ይሉኛል። ሊያጽናኑኝ ነውና አሜን እላለሁ፤ ሲወጡ ግን ይከፋኛል፣ የሚያወሩለት ሰው የእኔ ሰው አይመስለኝም። እኔ ያገባሁት ተሳስቻለሁ ሲል የሰማሁትን ነው። በትዳራችንም ያን ቃል እሱ ብዙ ጊዜ ብሎኛል። እኔ ለእሱ ያልኩት በጣት የሚቆጠር ነው፤ አሁን ልለው ስፈልግ በቤቱ የለም።