ዲስኬቱ ላይ «ዋሽንት» ይላል

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጀርመን አገር ዞሰንሃይም የሚባል ሰፈር፣ ቤቴ ብቻዬን ቁጭ ባልኩበት አንዲት ሴት «አቤት?» አለችኝ። ማንንም አልጠራሁም እኮ!

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አልተንሃይም በሚሉት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት እንከባከባለሁ፤ እሁድ ለመዘምራን ኪቦርድ እጫወታለሁ። ድምፅ ቀድቶ በቁልፎቹ የሚያጫውተውን የድሮ ኪቦርድ፣ ሳምፕለር የሚሉትን፣ ስመኝ ነው የኖርኩት። እዚሁ ቅርብ ኒድ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ ጡረተኛ እንደሚሸጡ ስሰማ በረርኩ።

«ልጆቼ የቆሻሻ መኪና መጥቶ እንዲያነሳው ለሽፔርሙል ቴርሚን ይዘው፣ ከአሮጌው ሶፋ ጋር ደጅ ሊያወጡት ነበር። ደረስሽለት» አሉኝ። አንድ ዲስኬትም ሰጡኝ። ላዩ ላይ በእጃቸው «ዋሽንት» ብለው ጽፈውበታል። «እሱን ካላጎረስሽው አፉን አይከፍትም።»

ቤት ገብቼ ሰካሁት፣ አጎረስኩት... ክርር ክርር ሲል ቆይቶ ዝም አለ። ነካ ባደርገው ዋሽንት! ደስ ብሎኝ በቁልፎቹ ወደ ታች ስወርድ፣ ስወርድ፣ የመጨረሻዋን ቁልፍ ስነካ...

«አቤት?»

«በኢየሱስ ስም!» ብዬ ዘለልኩ። ማድ ቤት ሄጄ አየሁ፣ ማንም የለም። ጎረቤቶቼ ጀርመኖች ናቸው፣ አቤት አይሉም። ተመልሼ ደግሜ ነካኋት።

«አቤት?»

ከማድ ቤት ሆኖ የሚመልስ ሰው ድምፅ ነው፤ የድስት ክዳን ኮሽታ ሁሉ አለው።  ለጋሽ ዘለቀ ደወልኩላቸው።

«ጋሽዬ... ዲስኬቱ ውስጥ ሴት አለች።»

«ምን ትላለች?»

«አቤት።»

«አድራሻሽን ንገሪኝ።»

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ካፖርታቸው እንኳ ሳይቆለፍ በሬ ላይ ቆመዋል። ቁልፏን አሳየኋቸው። እሳቸው እንደኔ ዝም ብለው አልነኳትም። መጀመሪያ ተጣሩ።

«ዘውዴ!»

ከዚያ ነኳት።

«አቤት?»

እያለቀሱ ነገሩኝ። ባለቤታቸው ናቸው፤ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው። ድሮ ጋሽ ዘለቀ ዋሽንቱን ሲቀዱ ማሽኑን ሳያጠፉ ሚስታቸውን ጠርተው፣ መልሳቸው አብሮ ተቀድቶ ኖሯል። ፎቷቸው ግድግዳ ሙሉ ነው፣ ድምፃቸው ግን የትም አልቀረም ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር። ያንኑ ድምፅ ነው ልጆቻቸው ለሽፔርሙል ሊያወጡት የነበረው።

እኔም አለቀስኩ። ኪቦርዱ ቢያሳሳኝም «ይውሰዱት ጋሽዬ፣ ዲስኬቱን ሌላ ማሽን አያነበውም» አልኳቸው።

«አይሆንም ልጄ። እኔ ጋ ከሆነች ስጠራት ነው የምውለው። አንቺ ጋ ትቀመጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።» በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «ደሞ ሳትጠሪያት አትንኪያት። ትደነግጣለች።»

ትናንት ስለማመድ ጣቴ አምልጦኝ ነካኋት።

«አቤት?»

ምን ልበላቸው? «ይቅርታ እትዬ ዘውዴ፣ እኔ ነኝ... ጋሽዬ ቅዳሜ ይመጣሉ» አልኳቸው።