የደመ ቀላሉ ሶብሒ ሕመም

እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1986 በረሺድ ከተማ የጀልባ መሥሪያ፣ የአንዲት ዓሣ አስጋሪ ጀልባ የግራ ጎኗ ስንጥቅ ውሃ እንዳያስገባ በጥጥ ሲጠቀጠቅ ቆይቶ ግማሽ ላይ ቀረ። ጠቅጣቂው ሶብሒ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ሶብሒን ረሺድ የምታውቀው በአንድ ቃል ነው፤ ደሙ ቀላል። ቃሉ ጭር ያለ ቤት ገብቶ ለሚያደምቅ፣ የማያውቀውንም ሰው ወዲያው ለሚያስቅ ይሰጣል። ኮስታራው ደሙ ከባድ ይባላል። ደመ ከባዱን ለሠርግ የሚፈልገው የለም፤ አመመኝ ሲል ግን ይታመናል። ሶብሒ ለሠርግም ለዕርቅም ይጠራል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሐዘኑ ሲጠና «እስቲ ሶብሒን ጥሩልን» ይባላል። ደረቱን ያመመው ጊዜ ግን የሚያምነው ሰው አጣ።

የዚያን ጠዋት መዶሻውን አስቀመጠና አለቃውን ሻዝሊን፣ «ኡስታ፣ ደረቴን እንደ ድንጋይ ተጫነኝ፤ ሐኪም ጋ ልሂድ» አለው።

«የበላኸው ባቄላ ነዋ! ድስቱን ጠርገህ!»

«ወላሂ እውነቴን ነው። ግራ እጄ ደንዝዟል።»

«ለዚህ ነዋ ግራ ጎኗ አላልቅ ያለህ!» አለ አናጢው በደዊ።

ሳቁ ፈነዳ። ሶብሒም ሳቀ፤ ሰው እየሳቀ ዝም ማለት አይችልበትም። ሻዝሊ እንባውን ጠረገ፤ ሳቅ ሲበዛ ክፉ ያመጣል ብለው የሚፈሩ ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ «ያ ረብ፣ ለበጎ አድርገው» አለ። ሁሉም «አሜን» አሉ። የተጸለየው ለሳቁ ነበር።

«በል ይልቅ ዳቦ አምጣልን፤ አንተን ሰልፉ ያሳልፍሃል» አለው ሻዝሊ።

እውነት ነው፤ ሌላ ጊዜ አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ ከፊት ይገባ ነበር። ያን ቀን ግድግዳ ተደግፎ ወረፋውን ጠበቀ።

«አቡ ኒዕማት፣ ምነው ዛሬ ደምህ ከበደ?» አለችው ከፊቱ የቆመች አሮጊት፣ በልጁ ስም ጠርታ።

«ታምሜ ነው፣ ሐጃ።»

«ውይ ሞቼ! ታመህም ታስቀኛለህ!»

ሐኪም ጋ መሄዱን ተወው። ዳቦውን ተሸክሞ ተመለሰ። «የት ጠፋህ? በረሃብ ልትገድለን?» ብለው ጮኹበት። እንፋሎቱ እንዳያጣብቀው አንድ በአንድ ሳንቃው ላይ ዘረጋው። ለጥርሰ ቢሱ ሻዝሊ ለስላሳውን መረጠለት፤ ጠርዙ ያረረውን ለራሱ ለየ።