የእትዬ ዘይነባ ጌም ቤት

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ስልኬ ላይ ጌም አወረደልኝና በዚህ ዕድሜዬ ሱሰኛ አድርጎኛል። አንዱ ከረሜላ በቀለም በቀለሙ እያሰለፉ የሚያፈነዱበት ነው፤ ለምን እንደሚፈነዳ እስካሁን አልገባኝም፣ ማቆምም አልቻልኩም። ሌላው እርሻ ነው፤ የዘሩት ስንዴ ሻይ እስኪፈላ ይደርሳል፣ አረም የለ፣ ዝንጀሮ የለ፣ ገበሬው አባቴ ቢያየው በሳቅ ይሞት ነበር። የኳሱ ጌም ግን የዋዛ አይደለም፤ በተጫዋቹ ግንባር ላይ ላብ ሲወርድ እንኳ ይታያል። ትናንት እሱን ስጫወት ስልኩ እጄ ላይ ጋለና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ ሳላስበው እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ወደነበረችው ወደ ልጅነቴ የሰይድ ጌም ቤት በሐሳብ ተመለስኩ።

ጌም ቤቷ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት ክፍል ነበረች። ውስጧ አንድ ወፍራም ቴሌቪዥን፣ ገመዳቸው በፕላስተር የተጠቀለለ ጆይስቲኮችና እየተገፋፋን የምንቀመጥበት አግዳሚ ነበር። የጌሙ ጽሑፍ ማናችንም በማናውቀው ቋንቋ ስለነበር የምንመርጠውን የምናውቀው በቦታው ነው፤ አንዴ የአንዱ ጣት ስቶ የማይሆን ነገር ነካና ሜዳው ላይ ዝናብ አወረደብን፣ ማቆሚያውን የሚያውቅ ጠፍቶ በጠራራው በጋ በዝናብ ስንጫወት ሰነበትን። ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በልተን በቅባት ጣታችን ስለምንመጣ፣ ሰይድ በር ላይ ቆሞ እጃችንን እያገላበጠ ያይ ነበር፤ ከእስጢፋኖስ ከቅዳሴ የሚመጣውም፣ ከመድረሳ የሚመጣውም እኩል ይፈተሻል።

ቤቷን የከፈተችለት ጅዳ ያለች እህቱ ናት። የሰፈራችን ወጣት እየተከታተለ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ይሄድ ነበር፤ የሰይድም ልቡ ሸፍቶ ስለነበር፣ ሥራ ካገኘ ይቀመጥ ይሆናል ተብሎ ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት እናቱ እትዬ ዘይነባ ነበሩ። የእኛ እናቶች ጆሯችንን ይዘው ከጌም ቤት ሲጎትቱን፣ እሳቸው በሩ ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው የሚያልፈውን ልጅ ሁሉ «ና ግባ፣ ተጫወት የኔ ዓለም» እያሉ ይጠሩ ነበር። እኛ ከመጣን ሰይድ አይሄድም ብለው ያስቡ ነበር። ጨዋታውም እውነተኛ ግጥሚያ ይመስላቸዋል። አንዱ ተጠልፎ ሲወድቅ «አብሽር!» ብለው ያጽናኑታል፤ መብራት ሲጠፋ «አልሐምዱሊላህ፣ እነሱም ትንሽ ይረፉ» ይላሉ። ከሁሉ የሚጠሉት ቀይ ካርድን ነበር። ዳኛው አንዱን ሲያስወጣ «ምን አደረገ? የሰው ልጅ እንዲህ ውጣ ይባላል?» ብለው ይቆጡና፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ማየት ስለማይሆንላቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ።

ሰይድ ግን ሄደ። አንድ ጠዋት ቁልፉን እናቱ ራስጌ አስቀምጦ ወጣ፤ መጀመሪያ ሰሞን ይደውል ነበር፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እትዬ ዘይነባ ቤቱን አልዘጉም። ሲመለስ ሥራው ጠብቆት እንዲያገኘው ብለው፣ ማብራት ማጥፋቱን ከእኛ ተምረው፣ እንደ እሱ እጃችንን እያገላበጡ ቀጠሉ። በኋላ በየኪሱ ስልክ ገባ። ማንም ተጣልቶ የቀረ የለም፤ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ቤቱ ተጋድሞ መጫወት ጀመረና አግዳሚው ባዶውን ቀረ።

ረመዳን ሊገባ ሲል በራችን ተንኳኳ። እትዬ ዘይነባ ነበሩ። በእኛ አገር ጾሙ ከመያዙ በፊት ሙስሊሙ ጎረቤቱን «አውፍ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እኛ ክርስቲያኖቹም ቃሉን እንደ ራሳችን ቃል ለምደነዋል። እናቴን የፈለጉ መስሎኝ ልጠራት ስል እኔኑ ያዙኝ። ይግቡ ብላቸውም እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ ሁላችሁም ስትቀሩ ጊዜ የተናገርኳችሁ ክፉ ቃል ቢኖር ነው አልኩ። ሳላውቅ አስቀይሜያችሁ ከሆነ አውፍ በሉኝ። የሰይድ ቤት ነው፤ በእኔ ጥፋት አይዘጋበት» አሉኝ።

ስለ ስልኩ ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። ማንም አልተቀየመም፣ ዝም ብለን ነው የቀረነው ማለት ግን ከቅያሜው የባሰ ሆኖ ተሰማኝ። «አውፍ ብያለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው። ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁኝና ወደ ቀጣዩ ቤት አለፉ፣ እዚያም ሲያንኳኩ ሰማሁ።

በማግሥቱ ተጠራርተን ሄድን፤ ጢም ያወጣን ጎረምሶች አግዳሚው ጠቦን እየተሳሳቅን ተጫወትን፣ እሳቸውም በር ላይ ተቀምጠው ለአላፊ አግዳሚው «መጡ እኮ!» ይሉ ነበር። ከዚያ ትምህርቱም ሥራውም በየፊናችን በተነን። እሳቸው አርፈዋል፣ ቤቷ ተዘግታለች፣ ከሰይድ እስከ ዛሬ ወሬ የለም።

አሁን በዚህ ስልክ የኳስ ጌም በየቀኑ ስንት የማላውቀውን ሰው እገጥማለሁ። ነገ ብቀር ግን፣ ምን አስቀየምኩህ ብሎ በሬን የሚያንኳኳ ሰው የለኝም።