ለዓም ሙሳ ደጋን የሠራሁት ማነጣጠሪያ

ገዳሪፍ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። የልጅ ልጄ ማርታ ስልኳን ጎረቤት ካለው የፀሐይ ኃይል ሞልታ መጣችና፣ ደጃፉ ላይ ከተቀመጥኩበት አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «ጂዱ፣ ሹፍ» አለችኝ። ሱዳን ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን አያታቸውን ጂዱ ነው የሚሉት፤ ሹፍ ደግሞ እይ ማለት ነው። መነጽሬን አጠለቅኩና አየሁ። የሆነ አገር የደጋን ውድድር ነው። አንዲት ወጣት ፍላጻዋን ከመልቀቋ በፊት፣ ከደጋኗ መያዣ በላይ የተገጠመች ትንሽ ብሎን በሁለት ጣቷ ዞር አድርጋ አንዲት ነጥብ ዝቅ አደረገች። ከዚያ ጎትታ ለቀቀች። ኢላማውን መሀል ለመሀል ወጋችው።

«ይቺ ነገር ካለች ማንም አይስትም፣ አይደል?» አለች ማርታ።

አላውቅም አልኳት። የማላውቅ ሆኜ ግን አይደለም። እንደዚህ ያለች ብሎን እኔም በወጣትነቴ ሠርቻለሁ፤ ሰውም ቀብሬባታለሁ።

ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሰው ሁሉን አውቃለሁ የሚልበት ዕድሜ። ከመተማ ተሻግሬ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ አንድ የጎንደር ሰው ዘንድ ሰዓት መጠገን እማር ነበር። ዓመት ያህል ተቀምጬ የእጅ ሰዓት ፈትቼ መግጠም ስችል፣ ከእንግዲህ በዓለም ላይ የሚያቅተኝ ነገር የለም ብዬ ደመደምኩ። ችግሩ ወረቀቴ ነበር። የተሰጠኝ ለስደተኞች መጠለያ ጣቢያው እንጂ ለከተማው አልነበረም። ከሻ የሚሉት አፈሳ በመጣ ቁጥር የጓሮ አጥር እየዘለልኩ ስሮጥ ከረምኩ። በመጨረሻ አሠሪዬ «ልጄ፣ አንተ ስትያዝ ሱቄም አብሮ ይታሸጋል» ብሎ አሰናበተኝ። ሞረድና ጥቂት መፍቻዎች በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ወደ ቁረይሻ እርሻዎች ወረድኩ። ማሽላ ታጭዶ የሚያልቅበት ሰሞን ነበር።

የቁረይሻ መሬት ጥቁርና ሜዳ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ዛፍ እንኳ ከስንት አንድ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቅና እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጫማ ነቅሎ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል። እኔ ስደርስ አገሩ በሙሉ የማሽላ አገዳና የአቧራ ሽታ ይሸት ነበር። የባለ እርሻው ወኪል፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው፣ ገና ከመኪናው ሳልወርድ ወረቀቴን ጠየቀኝ። ምን እንደምል ስቸገር አንድ ሽማግሌ ከጥላ ስር ተነስተው «የእኔ ልጅ ነው» አሉ። ፊቴና ፊታቸው የሚመሳሰሉበት ነገር አልነበረም፤ ወኪሉ ግን ሳቀና አለፈኝ።

ዓም ሙሳን ያወቅኳቸው እንዲህ ነው። ዓም በሱዳኖቹ አጎት ማለት ነው፤ እርሻው ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። እሳቸው ግን ከቋራ በታች ካለው ቆላ የመጡ የጉሙዝ ሰው ነበሩ፤ አማርኛቸው ከእኔ አይተናነስም። ሚስታቸው ሞታ፣ ትልቋ ልጃቸው ሐሊማ ዐሥራ አራት ዓመቷ ሆኖ፣ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ታሳድግ ነበር። የዚያን ዕለት ጎጇቸው ውስጥ ዓሲዳ የሚሉትን የማሽላ ገንፎ በደረቀ ባሚያ ወጥ በላሁ። ርቦኝ ስለነበር ይሆናል፣ ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ምግብ አልቀመስኩም።

ሥራቸው ማሽላውን ከከርከሮ መጠበቅ ነበር፤ መሣሪያቸውም ደጋን። ወኪሉ እድንበር ላይ ጠመንጃ ሲተኮስ ወታደር ይመጣብኛል ብሎ ስለሚፈራ ጥይት አያስጮኽም። ዓም ሙሳ እንዴት እንደሚያነጣጥሩ ብጠይቃቸው «አላነጣጥርም» አሉኝ። «ዓይኔ ከርከሮውን ያያል፤ እጄ የራሱን ያውቃል።» እኔ ደግሞ የሚለካ ነገር ካልሆነ የማላምን የሰዓት ጠጋኝ ደቀ መዝሙር ነበርኩ። በሆዴ ሳቅሁባቸው።

ያን ዓመት ግን ከትራክተር ላይ ወድቀው ትከሻቸው ተጎድቶ ኖሮ፣ ሁለት ጊዜ ወኪሉ እያየ ሳቱ። ወኪሉ «ሽማግሌው ዓይኑ ጠፍቷል፤ ለኸሪፍ ሌላ ጠባቂ አመጣለሁ» አለ። ኸሪፍ ክረምቱ ነው። ጎጇቸውም፣ ልጆቹ የሚበሉት ማሽላም ከጥበቃው ጋር ነበር የተሰጣቸው። ሥራው ከሄደ ሁሉም ይሄዳል። ዓም ሙሳ ደጋናቸውን አንስተው ወደ እርሻው ሄዱ። ሐሊማ ግን ጎጆው ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋትና፣ እኔ እያለሁ ይሄ አይሆንም አልኩ።

ከተበላሸ የግድግዳ ሰዓት ላይ ጠፍጣፋ ነሐስ ቆርጬ፣ ጣት የሚያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በሞረድ አወጣሁለት። በስንጥቁ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተት ሚስማር አስገባሁና ጫፏ ላይ አንዲት ነጭ ዶቃ ተከልኩ። በፈለጉበት ቦታ እንድትቆም በሰዓት ብሎን ትጠብቃለች። ነሐሱን ከደጋኑ መያዣ በላይ በጠፍር አሰርኩት። እርሻው ላይ ከማማቸው ጀምሬ ሃያ፣ አርባና ስድሳ እርምጃ ቆጥሬ ኖራ የተቀቡ እንጨቶች ተከልኩ። ከዚያ በኋላ ከጧት እስከ ማታ ማስወርወር ሆነ። ለሃያው ዶቃዋ ከላይ ትሆናለች፤ ለስድሳው ወደ ታች ትወርዳለች፤ እሷ ስትወርድ ሰውየው ደጋኑን ከፍ አድርጎ ለመያዝ ይገደዳል። ትክክለኛውን ቦታ ባገኘሁ ቁጥር ነሐሱ ላይ በሞረድ ምልክት እጭር ነበር። ዓም ሙሳ መጀመሪያ ላይ እንደ ልጅ ጨዋታ ነበር ያዩት። ስድሳው ላይ ሦስት ፍላጻ በተከታታይ አንድ ጆንያ ላይ ሲሰኩ ግን ዞረው አዩኝ። ያን አስተያየት ከዚያ በኋላ ከማንም አላገኘሁም።

ግንቦት ላይ ወኪሉ ፊት ተፈተኑ። አንዱም አልሳተም። ወኪሉ ነሐሱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ጥሩ፣ ይቆይ» ብሎ ሄደ። ሐሊማ የዚያን ዕለት እጄን ስማኛለች፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ነበር የዋልኩት።

በነጋታው ዓም ሙሳ ደጋኑን ጭናቸው ላይ አጋድመው ዶቃዋን ሲነካኩ ቆዩና «ኸሪፍ ሲገባስ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ነሐስ ዝገት አያውቅም፣ ዓም ሙሳ። ዓመት ሙሉ ዝናብ ቢወርድበት ምንም አይሆንም።»

አፋቸውን ከፈት አድርገው የሆነ ነገር ሊሉ ነበር። እኔ ስለ ነሐስ፣ ስለ ብረት፣ ስለ ዝገት ማስተማሬን ቀጠልኩ። እሳቸውም ተዉት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። ሽማግሌው የጠየቁኝ ስለ ነሐሱ አልነበረም።

ዝናቡ ገባ። በዘር ሰሞን ዓም ሙሳ ሁለት ከርከሮ ጣሉ፤ ሁለቱም ሃያው እርምጃ ላይ ነበሩ። በዚያ ቅርበት ጉድለቱ አይታወቅም፤ እኔም ማነጣጠሪያዬ ለክረምትም ለበጋም ሆነ ብዬ ተዝናናሁ። በነሐሴ ግን ዝናቡ ቀንና ሌሊት አላባራ አለ። ልብሳችን፣ እንጨቱ፣ ጨው ሳይቀር ረጠበ። ከዕለታት አንድ ጧት፣ ዶፉ ትንሽ ጋብ እንዳለ፣ አንድ ትልቅ ከርከሮ ሦስተኛው ኖራ የተቀባ እንጨት ስር መሬት ሲቆፍር አየነው። ማማው ላይ አብሬያቸው ነበርኩ።

ዶቃዋን የስድሳው ምልክት ላይ አድርገው ብሎኑን አጠበቁ። ጎተቱ። ዶቃዋ ከርከሮው ደረት ላይ መሆን ሲገባት ከጀርባው በላይ ከፍ ስትል አየሁ። እጃቸው የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

«ዓም፣ ዶቃዋን ይከተሉ» ብዬ አንሾካሾክሁ።

ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን አወረዱና ለቀቁ።

ፍላጻው ከደረቱ በታች ወርዶ የፊት እግሩን ወጋው። ከርከሮው ጮኾ ማሽላው ውስጥ ገባ። ቆይተን ብንጠብቅ ደሙ ፈስሶ ይደክም ነበር። ሆኖም ፀሐይ ልትወጣ ነው፤ አራሚ ሴቶች ሊገቡ ነው፤ በእነ ዓም ሙሳ ወግ ደግሞ ያቆሰለ ሰው ያቆሰለውን አውሬ ለሌላ ሰው ጥሎ አይሄድም። ጦራቸውን አንስተው ወረዱ። «እኔም ልምጣ» ብላቸው «አንተ ሴቶቹን አስቁም» አሉኝ። ሴቶቹን አስቁሜ ሳልመለስ ድምፅ ሰማሁ። ስደርስ ከርከሮው ሞቷል፤ ጦሩ አንገቱ ላይ ነው። ዓም ሙሳ ደግሞ ጭናቸው ከጉልበት በላይ ተተልትሎ ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል።

ትራክተሩ ላይ ተሳቢ ቀጥለን አሳፈርናቸው። ሐሊማ እየሮጠች ተከተለችን፤ ውሃው የሞላበት ወራጅ ጅረት ጋ ስንደርስ ሰዎቹ ወደ ወንድሞቿ እንድትመለስ አስገደዷት። በበጋ ገዳሪፍ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በዚያ ጭቃ ግን ትራክተሩ ገና ብዙ ሳይሄድ እስከ ሆዱ ተዋጠ። ሰዎቹ ሲቆፍሩ፣ ሲገፉ፣ ቅጠል ሲያነጥፉ፣ እኔ ቁስላቸው ላይ ያሰርኩትን ጨርቅ በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር። ጨርቁ ሞቅ ሞቅ ይል ነበር። ሞቅታውን እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ አውቀዋለሁ።

«ጅማቱ ረጥቧል» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ለሌላው ሳይሰማ። «እጄ አውቆ ነበር።»

ያኔ ገባኝ። የደጋናቸው አውታር ከበሬ ጅማት የተገመደ ነው። በበጋ ደርቆ ይወጠራል፤ ክረምት ርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ ደጋኑም ይለግማል፤ ፍላጻውም ሩቅ ሲሄድ ዝቅ ይላል። ክረምት በመጣ ቁጥር እጃቸው ሳያስቡት ከፍ ይል ነበር። የእኔ ምልክቶች የበጋ ምልክቶች ነበሩ። ያን ጧት የተንቀጠቀጠ የመሰለኝ እጅ ሥራውን እየሠራ ነበር፤ እኔ ነኝ ያወረድኩት።

ይቅርታ ሳልላቸው፣ እኩለ ቀን ሳይሆን አረፉ። ትራክተሩን ጥለን በትከሻችን ይዘናቸው ተመለስን።

ከቀብሩ በኋላ ወኪሉ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ዓይኑ ጠፍቷል ብያችሁ ነበር። ሥራውን አልለቅም ብሎ እምቢ አለ፣ ልጆቹን ሜዳ ላይ ጥሎ ሄደ» አለ። ሐሊማ እዚያው ቆማ ትሰማ ነበር። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃል መተንፈስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ወረቀት የለኝም፣ ሰው ገደለ ብለው ቢያስይዙኝስ ብዬ ፈራሁ። ማንም ሳያየኝ ማነጣጠሪያውን ከደጋኑ ፈታሁና የሞላው ወራጅ ውስጥ ወረወርኩት።

ከዚያ ስንት ነገር አለፈ። እኔም ወረቀት አገኘሁ፤ ሱቅ ከፈትኩ፤ ሰዓት የሚያስጠግን ሲጠፋ ወደ ስልክ ዞርኩ። ሐሊማ ወንድሞቿን በቀን ሥራ አሳድጋ፣ አግብታ ወልዳ፣ ገዳሪፍ ገበያ የደረቀ ባሚያና በርበሬ ትሸጣለች። በየሳምንቱ ሰላም እንባባላለን፤ ጀበና ካለ ቁጭ በል ትለኛለች። ልጆቿ ግትር ሲሆኑባት «እንደ አያታችሁ ናችሁ፤ ዓይኑ ጠፍቶ ሳለ እምቢ ብሎ የሞተ» ስትላቸው ስንት ጊዜ ሰምቼ ስኳሬን አማስያለሁ።

ማርታ ያን ነገር ባሳየችኝ በሁለተኛው ቀን ገበያ ሄድኩ። ሳልቀመጥ ለሐሊማ ሁሉንም ነገርኳት። ጅማቱን፣ ዶቃዋን፣ ያንሾካሾክሁትን፣ ወራጁ ውስጥ የጣልኩትን። ሐሊማ ባሚያውን ከጆንያ ወደ ሰፌድ መገልበጧን አላቆመችም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«አያ ደሴ፣ ያ ነገር ባይኖር ይመታው ነበር?»

«ይመታው ነበር።»

እጇ ቆመ። «እኔ እኮ በግትርነቱ ጣለን ብዬ ተቀይሜው ነው የኖርኩት» አለች። «ለሙታን ዱዓ ሲደረግ የሁሉንም ስም እጠራለሁ። የእሱን ግን እዘለው ነበር።»

ለዓመታት ኃጢአቴ አንድ ይመስለኝ ነበር፤ ግማሽ እውቀት ይዤ የሰው እጅ ማረሜ። እሱን የሃያ ዓመት ልጅ ስህተት ነው ብዬ ለራሴ አንዳንዴ ይቅር እለዋለሁ። ዝምታው ግን የሃያ ዓመት ልጅ አይደለም፤ ከእኔው ጋር ሸብቷል። ዓም ሙሳን የገደልኳቸው አንድ ጧት ነው፤ ከልጃቸው ዱዓ ያስቀረኋቸው ግን በየሳምንቱ፣ ደኅና ዋልሽ እያልኩ ነው።

ሐሊማ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን ትመልሳለች። ቁጭ በል ግን አትለኝም።