ዶክተሩ የካደው አንጉዊላ

የበደለኝ የዓሣው ዶክተር ነው፤ በደርግ ዘመን፣ የሮም ኢትዮጵያውያን የጽዋ ማኅበራችን ተራ እኔ ጋ በደረሰበት ጥቅምት። እዚያው በአንድ መሥሪያ ቤት እሱ የዓሣ ባለሙያ፣ እኔ ጸሐፊው ነበርኩ።

ከከተማው ወጣ ብሎ የባሕርና የወንዝ ውሃ የሚቀላቀልበት ሐይቅ አለ። ዶክተሩ ዓሣና ወፉን ሲያጠና ከርሞ፣ አንድ ቀን ከዚያ አንጉዊላ የሚሉትን እባብ መሳይ ዓሣ ይዞልኝ መጣ።

«እታለም፣ ለማኅበሩ ወጥ ሥሪው፤ ጣፋጭ ነው።»

ሠራሁት። ሁሉም በላ፤ እሱ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ከዚያ አንዲት ማኅበርተኛ ማድ ቤት ገብታ የዓሣውን ጭንቅላት አየች።

«ኡኡ! እባብ አበላችን!»

«ቅርፊት የሌለው እርም ነው» አሉ አንድ አዛውንት፣ አፋቸውን እየጠረጉ። «ዶክተር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ ምን አውቄ አባባ? ወጥ ውስጥ ከገባ ሁሉም አንድ ነው» አለ፣ ዓሣ በመለየት እንጀራ የሚበላው ሰውዬ። ያመጣው ራሱ መሆኑንም ደበቀ። ማኅበሩም እኔን ለማስወጣት በሚቀጥለው ወር ሊመክር ቀጠሮ ያዘ።

ዶክተሩ ስለ ሐይቁ ያዘጋጀውን ሪፖርት በታይፕ የመታሁት ግን እኔ ነኝ። አንጉዊላ በሐይቁ አድጎ ለመራባት ወደ ባሕር እንደሚወርድ፣ ደቃቅ ቅርፊቱም ቆዳው ውስጥ እንደተቀበረ ጽፎ ፈርሞበታል። በቀጠሮው ቀን ገጹንና ያንን የወጥ ድስቴን ይዤ ሄድኩ። እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እስከ ፊርማው አነበብኩላቸው። አዛውንቱ «እንግዲያው ወጡ ተርፏል?» አሉ።

አልተረፈም አልኳቸው። ድስቴን ይዤ ወጣሁና ሌላ ማኅበር ገባሁ።