የማሲንቆው ላይሰንስ ለአንድ ሰው ነው

ዛሬ እዚህ ውጭ አገር፣ ኢቶቢኮ ባለው ቸርቻችን ሁሉም እጁን አንስቶ ሲዘምር ኪቦርዴ ድንገት ጭጭ አለ።

የመዝሙሩ ግጥም በሚታይበት ስክሪን ላይ «ይህን ላይሰንስ ሌላ ሰው እየተጠቀመበት ነው» የሚል መጣ።

ኪቦርዱን እንደ ማሲንቆ የሚያሰማውን ሶፍትዌር ለአንድ ሰው ገዝተን በቸርቹ ኔትወርክ ለሁሉም ሼር ያደረግነው እኛው ነን። ከአንድ ትሪ መብላት ለለመደ ሰው «ለአንድ ብቻ» ምን ማለት ነው?

ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ ማይኩን ተቀብለውኝ፦ «ሌላው ሰው ማነው? ወደ ፊት ይውጣ፣ እንጸልይለታለን!»

የወጣ የለም። ፍለጋ ተያይዘን ቤዝመንት ወረድን። የጋሽ ታደሰ የገዛ ባለቤት እትዬ አልማዝ ልጆቹን መዝሙር እያስጠኑ በሌላ ኪቦርድ ማሲንቆውን ያንቆረቁሩታል።

ጋሽ ታደሰ በሩን ቀስ ብለው ዘጉና፦ «አንተ በጭብጨባ ቀጥል» አሉኝ።

በእናንተ ቸርችስ በአንድ ላይሰንስ ስንት ሰው ይዘምራል? ኮሜንት ላይ ተናዘዙ፤ አትፍሩ፣ ካምፓኒው አማርኛ አያነብም።